የጋራዥ ጣልያንኛ

ትርሲት፣ የእህቴ ልጅ፣ ቪዛዋ ወጣላት፤
ለሁለት ዓመት ትምህርት ቶሪኖ ነው የጠሯት።
ከለገሃር ጀርባ ጋራዤ ድረስ መጥታ፣
አሮጌ ጎማ ላይ ደብተሯን ዘርግታ፣
"ጋሼ፣ ጣልያንኛ አንተ አይደለህ የምታውቅ?
ሚላኖ ላይ ወርጄ ስቀይር እንዳልሳቀቅ፣
የባቡሩን ቃላት አንድ ባንድ አስጠናኝ"
ብላ እስክሪብቶ ነክሳ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

እኔም ኮራ አልኩና እጄን በጨርቅ ጠርጌ፣
ያርባ ዓመት ቅርሴን ካንጀቴ ፈልጌ
ዘረገፍኩላት፦ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣
ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ… "ቆይ" አለች ትርሲቴ፣
"ይሄ እኮ፣ ጋሼ፣ የቆመ መኪና ነው!
ሰው ያለበት የታል? 'እባክዎ' ምንድነው?"

ዝም አልኩ።

ከኮፋኖ በታች ሁሉንም አውቃለሁ፣
ፓራፋንጎው ቢረግፍ በስሙ እጠራለሁ፤
'እባክዎ' ግን የለም። መፍቻውን ጥለውት፣
ብሎኑን ጥለውት፣ ቺንጋውን ጥለውት፣
ይቺን ብቻ ይዘው ሄደው ይሆን ያኔ?
ወይስ ከመጀመሪያው አልተጫነችም? እንጃ እኔ።

ጎረቤቴ ጋሽ አወል፣ የጥንቱ ትኬት ቆራጭ፣
ዛሬ ጣቢያው በር ላይ የሎተሪ ሻጭ፣
ሳቀብን ሲሰማ፦ "ባቡር በጣልያንኛ!
ባቡር የሚገባው በፈረንሳይኛ!
የለገሃርን ስም ማን ሰጠው?" እያለ፣
ሎተሪውን ዘርግቶ "ሲልቩፕሌ" አለ።
እሱስ 'እባክዎ' አለው። ቀናሁበት፣ እውነቴን፤
ደግሜ ጠረግሁት ያልቆሸሸ እጄን።

ከብሔራዊ ጀርባ፣ ከአሮጌ መጻሕፍቱ
የመንገደኛ መማሪያ ገዛን፣ ላልቶ ስፌቱ።
"ኡን ቢሊየቶ ፔር ቶሪኖ" — አንድ ቲኬት ወደ ቶሪኖ፤
"ዳ ኳሌ ቢናሪዮ?" — በየትኛው ሐዲድ ሆኖ?
"ዶቬ ሲ ቲምብራ?" — ማኅተሙ የት ነው የሚመታው?
(ሳይመታ የተሳፈረ፣ ይላል፣ ቅጣት አለው።)
"ፔር ፋቮሬ" ላይ ስንደርስ ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤
እንደዛገ ብሎን በቀስታ ፈታሁት።

"'ፕሮሲማ ፌርማታ' ሲሉ ግን አትደንግጪ፣
እሱ የኛው ነው፣ ሰምተሽ ሻንጣሽን አውጪ፤
ፒያሳም፣ ካዛንቺስም ወያላው ይለዋል፤
ፌርማታ አዲስ አበባ ስንት ዘመን ቆሟል።"

ቅዳሜ ለልምምድ በቀላል ባቡሩ
ከሜክሲኮ ስታዲየም ገባን ከግርግሩ።
ትንፋሽ በታፈገበት "ፐርሜሶ" ብትል፣
ጎመን ያቀፈች ሴት "አሟታል መሰል፣
አሳልፏት ልጅቷን፣ ነፋስ ታግኝ" ብላ
በክርኗ ገፋችን መንገዱን ከፍላ።
ከተቀመጠ ልጅ ፊት ቆመችና ደግሞ፦
"ኤ ሊቤሮ ኩዌስቶ ፖስቶ?"
ማዳመጫውን ነቀለ። "ምን?"
"ይህ ቦታ ሰው አለው?"
"እኔ አለሁበት እኮ!" — ሳቀ በባቡሩ ያለ ሰው።

ሄደች፣ ሐሙስ ሌሊት።
አምፖል ስትይዝልኝ የምትቀመጥባት ዱካ
እዚያው በሩ ጥግ ናት፤ ማንም አልነካ።
ደንበኛ ይመጣና "ሰው አላት?" ይለኛል፣
"አላት" እለዋለሁ፤
ቆሞ ይጠብቀኛል።

ትናንት ደወለች ከሚላኖ። ሳቋ ቀደማት፤
"ሪታርዶ፣ ጋሼ! አርባ ደቂቃ!" ባቡሩ ቆሞባት።
ሐዲዱን አግኝታ፣ ቲኬቷን አስመትታ፣
መስኮት ዳር ይዛለች፣ ሰው የሌለው ቦታ።
"ምን ይሻላል?" አለችኝ።
እኔ ምን አውቃለሁ? የማውቀው ያው ያንኑ ነው፦
"ካንዴላውን ይዩት በያቸው"
አልኳት። ስልኩን ልዘጋ ስል ትዝ አለኝና፣
"ፔር ፋቮሬ" በያቸው፣ አልኩ፣
"ፔር ፋቮሬ።"